ባስልኤል በችሎቱ ፊት

ራስተንበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴም ለእናቴም፣ ለእማ ውድነሽ፤

የጌታ ሰላም እዚያው ቴፒ ደጅሽ ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እየተሻለኝ ነው። ጥይት የሰበረው ጭኔ ገጥሟል፤ ያለ ክራንች ከአልጋዬ እስከ በሩ እደርሳለሁ። ሱቃችን እንደተቃጠለ ቀርቷል። ሰይፈዲን፣ ያ አብሮኝ የሚነግደው የወራቤ ልጅ፣ ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይቶ እንደ ወንድም እያስታመመኝ ነው። ስትጸልዪ የሱንም ስም ጥሪልኝ፤ እስላም ነው ብለሽ እንዳታልፊው።

ብደውልልሽ ስልክ አታነሺም። «ማውራት ይከብደኛል፣ ጻፍልኝ» ያልሽውን መልእክት አይቼ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ላክሁልሽ። አስተማሪነትሽ ተነስቶብሽ በቀይ እስክሪብቶ እንዳታርሚው ብቻ።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። ባስልኤልን አየሁት! ባለፈው እሑድ ሰይፈዲን እየሮጠ ገብቶ «ተነስ፣ ያ ሁልጊዜ የምታወራለት ያክስትህ ልጅ ፊልም ላይ አለ!» አለኝ። በፍላሽ ይዞት መጥቷል። ስሙ «ያልተጠራው ምስክር» ይባላል። የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ተሰብስቦ አየነው። ባስልኤል፣ ይሄይስ የሚባል የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው የሚሠራው። አሠሪው ተገድሎ ተገኝቷል፣ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይናገርም። ፊልሙ ሁሉ ማለት ይቻላል ችሎት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰዉ ያወራ ነበር። አንዱ የሆሳዕና ልጅ «ጠበቃዋ ሰርግ ልትሄድ ተኳኩላ በመንገዷ ፍርድ ቤት የገባች ነው የምትመስለው» ብሎ አሳቀን። ዐቃቤ ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄውን ሲጀምር ግን ወሬውን ትተን ወደ ፊት ተጠጋን።

«ቁልፉ ካንተ ጋር ከነበረ ማን ገባ?» ይለዋል። ባስልኤል የተከሳሹን ሳጥን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። ትንፋሹ አጥሮ፣ ቃሉን እየቆራረጠ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ… ቡናውን ጠብቅ ተባልኩ እንጂ… ሰውየውን ጠብቅ ያለኝ የለም» ይላል። እማ፣ ፀጉሬ ነው የቆመው። አንዱ ብቻ «ትንፋሹን አበዛው፣ ትወና ይታወቅበታል» ቢል በክራንቼ ልለው ምንም አልቀረኝ!

ሞት ይፈርዱበታል። ወዲያው የችሎቱ በር ሲከፈት አንድ ሰው ይገባል፣ እዚያ ላይ ያልቃል። የኛ ኮፒ የተዋንያኑን ስም እንኳ ሳያወጣ ተቆርጧል። ይሄይስ ዳነ ወይስ አልዳነም? እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው። ባስን ጠይቂልኝ። ደግሞ ይደውልልኝ፤ ቁጥሬ መቀየሩን አያውቅ ይሆናል፣ ስጪው። በጥይት የተመታ ወንድሙን አንዴ እንኳ ድምፁን ሳያሰማው ስምንት ወር ሊሆን ነው። አልተቀየምኩም፤ ናፍቆኝ ነው።

ልጅሽ ኢዮሲያስ

*

ቴፒ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢዮሲያስ፤

እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም፤ እሱ አንተንም በሰው አገር ይጠብቅህ። መቆምህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ለሰይፈዲንም በስሙ እየጠራሁ እጸልያለሁ፤ የናቱን ስም ንገረኝ፣ ለሷም እጸልያለሁ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ፊልሙን ሳላይ ልጽፍልህ አልፈለግሁም። እዚህ ቴፒ አልመጣም ነበርና ሚዛን ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሲታይ ከየሺሃረግ ጋር ሄድሁ። ታስታውሳታለህ፤ ሳይንስ ያስተማረቻችሁ፣ የቤታችን ጎረቤት። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወጣቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የቴፒ ልጅ ነው እየተባለ ከጌጫና ከማሻ ሳይቀር በመኪና የመጣ ሰው ነበር።

ዳኛው ፍርዱን ሊያነቡ መነጽራቸውን ሲያደርጉ መብራት ጠፋ። እንዴት ያለ ጫጫታ መሰለህ! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰዉ ጨለማ ውስጥ ራሱ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ይኼ ዐቃቤ ሕግ እኛ ዘመን ቢሆን በችሎት መድፈር ይቀጣ ነበር» ይላሉ። አንዲት ሴት «ገዳዩ የሟች ወንድም ነው፣ ዓይኑን አላያችሁም?» ትላለች። የቡና ዘበኛ ነኝ ያለ ደግሞ «ልጁ ባትሪ አያያዙ ልክ ነው፣ አቋቋሙም የኛ ነው» ብሎ መሰከረለት። ከኋላዬ አንድ ወጣት «ሌላው ጥሩ ነው፣ ግን ሰው እንዲህ አይተነፍስም፤ አጋነነው» አለ። ዞሬ በስልኩ ብርሃን ፊቱን አየሁት። ክፉ ልጅ አይመስልም። የሺሃረግ እጄን ይዛኝ ነበር።

እኔ ምን ላክልልህ? ሰዉ የችሎቱን ቦታ ነው የሚያነሳው። እኔን የነካኝ መጀመሪያ ላይ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ጎመንና ቆጮ ሲበላ ያለው ነው። መጨረሻ ላይ ጣቱን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ስንት ዓመት የተቆጣሁት ነው! ያን ማንም አላስተማረውም፤ ያ ትወና አይደለም።

ይሄይስ ይዳን አይዳን እኔም አላወቅሁም። ጥያቄህን ለባስልኤል የማደርስበት መንገድ የለኝም። ዝም አለኝ ብለህ ግን በልብህ እንዳትይዝበት፤ አደራ።

እግርህን አሙቅ። ብቻህን አትደር።

አክስትህ ውድነሽ

*

ራስተንበርግ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ ውድነሽ፤

እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሰሽ፤ በጸጋው ይሸፍንሽ። እኔ አሁን ሰይፈዲን የከፈታት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ።

የሚዛኑን ወሬ ለሰዉ ሁሉ አነበብሁላቸው። የመብራቱ ነገር እንዴት አሳቃቸው! አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ስለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሽማግሌው ጻፍሽልኝ። ስለ ባስልኤል ኑሮ ግን አንድ መስመር የለም። የት ነው ያለው? ሁለተኛ ፊልም ጀመረ? አግብቶ ይሆን?

በገና ዕለት ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋልሁ። ትዝ ይልሽ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን ለገና ድራማ ስንሠራ እሱ ሄሮድስ ሆኖ ሲጮህ ሕፃናቱ ሁሉ አልቅሰው ድራማው የተቋረጠው? መጋቢው ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በግ ጠባቂ አደረጉት። በግ ጠባቂም ሆኖ ሰዉ የሚያየው እሱን ነበር። እኔ መልአክ ሆኜ ቃሌ ሲጠፋብኝ ከታች ሆኖ በሹክሹክታ ይነግረኝ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ወንድሙ ሞት አፋፍ ደርሶ ሲመለስ እንዴት አንዴ አይደውልም?

የሱ ቁጥር ከሱቁ ጋር ስልኬ ሲቃጠል ጠፍቶብኛል። እባክሽ ላኪልኝ። ራሴ እደውልለታለሁ፤ ኩራት የለብኝም።

ኢዮሲያስ

*

ቴፒ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮሲያስ፤

የጌታ ጸጋ በበረታህበትም በደከምህበትም ይብዛልህ።

በጣም ዘገየሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ቡናው አብቦ አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሰነበተ፤ አሁን ረግፏል። ጉልበቴ ደህና ነው።

ቁጥሩን ጠይቀኸኛል። ቢኖረኝም የሚያነሳው የለም፤ ከአገልግሎት ውጪ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። አንተ መመታትህ የተሰማ ዕለት ባስልኤል አዲስ አበባ ቀረጻ ላይ ነበር። ጥሎ ወጥቶ ሲደውልልህ ዋለ። አንተን ሲያጣ እዚያ ላለ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ደወለ። ሆስፒታል ገብተሃል፣ ነፍስህ አለች የሚል ሰው እስኪያገኝ እህል አልቀመሰም። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። እንግዲህ ስለሱ ክፉ ስታስብ ይህን አስታውስ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፣ ሳትሸሽገኝ መልስልኝ። ሐኪሙ ጨርሶ ድነሃል ብሎሃል? ያለ ክራንች ትሄዳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሰይፈዲን የሚያድረው ካንተ ጋር አንድ ቤት ነው? በአቅራቢያህ የኛ ሰው የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አለ? የመጋቢውን ስምና ስልክ ላክልኝ። የሰይፈዲንንም ጨምርልኝ። እንዲሁ ልቤ እንዲያርፍ ነው።

አክስትህ ውድነሽ

*

ራስተንበርግ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ ውድነሽ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የጠየቅሽውን ልመልስ። ሐኪሙ አሰናብቶኛል። ያለ ክራንች እሄዳለሁ፤ ትንሽ አነክሳለሁ። ሰይፈዲን አብሮኝ ያድራል። መጋቢው አልአዛር ይባላል፤ የሁለቱንም ስልክ ከታች ጽፌልሻለሁ። መጋቢ ግን ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግሁት የወንድሜን ድምፅ ነው።

የዛሬ ዓመት እህል አልቀመሰም አልሽኝ። ጥሩ። ከዚያ ወዲህስ? ፊልሙ ወጣ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ እኛ ተረሳን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝና እንዲህ ከሆነ ይቅርብን። እሱን በዝናብ ትምህርት ቤት ተሸክሜ አድርሼዋለሁ። ስታገኚው ኢዮሲያስ ወንድም የለኝም ብሏል በይው።

ግንቦት 3 ቀን

እማ፣ ይህን ከላይ ያለውን ሳልልከው ቆየሁ። እንደጻፍሁት ይሂድ፤ አልሰርዘውም።

ፊልሙ አሁን ዩቲዩብ ላይ ተጭኗል። ትናንት ከፍቼ የሰዉን አስተያየት ማንበብ ጀመርሁ። አንዱ «ዐቃቤ ሕጉ የሚጮኸው ችሎት ነው መናኸሪያ?» ብሏል። አንዷ «ገዳዩን ገና ሲጀምር ነው ያወቅሁት» ትላለች። «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» የሚለው ብዙ ነው። አንዱ ደግሞ «የተከሳሹ ትንፋሽ ተጋኗል፣ ዳይሬክተሩ ማስቆም ነበረበት» ብሎ ጽፏል። እንደለመድሁት ተናደድሁ።

ከሱ ሥር አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። ሌላ ምንም የለውም።

ለይሄይስ ነው አልሁ። ሞት ስለተፈረደበት። ሰው ፊልም ሲወድ እንዲህ ይቀልዳል። ወረድ ስል ሌላ ሰው «ነፍስ ይማር፣ የቴፒ ልጆች አንረሳህም» ብሏል። ይሄይስ በፊልሙ ውስጥ የቴፒ ልጅ አይደለም፤ የጅማ ልጅ ነው።

ሰይፈዲን «እስከ መጨረሻው እንየው፣ ስሞቹ ጋ የሚጽፉት ነገር ይኖራል» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ተጣላን።

እማ ውድነሽ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ። ለፊልም ሰው ነፍስ ይማር ይባላል? እንደሚባል ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ዮሲ

*

ቴፒ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዮሲ፤

ይህን ወረቀት ሰይፈዲን አትሞ ይሰጥሃል። መጋቢ አልአዛርም አጠገብህ ይሆናል። ሁለቱንም የደወልሁላቸው እኔ ነኝ። ማንበቡን ካልቻልህ እነሱ ያንብቡልህ።

ባስልኤል የለም። ካረፈ ዓመት አልፎታል። አንተ ሆስፒታል ውስጥ ራስህን ሳታውቅ ተኝተህ ሳለ ሚያዝያ ውስጥ አረፈ። እዚሁ ቴፒ ቀበርነው፤ ካጎትህ ጎን።

ልቡ ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውንና መገጣጠሚያውን እያመመው ሲመላለስ የነበረው ልቡ ላይ ወርዶ ኖሯል። ሐኪሞቹ የልቡ በሮች አይገጥሙም አሉት። ለማንም አልተናገረም፤ ለፊልሙ ሰዎች ከነገራቸው ሌላ ሰው ይተኩበታል። የችሎቱን ቦታ በሚቀርጹበት ቀን ትንፋሽ አጥሮት ነው ያን እንጨት የያዘው። ዳይሬክተሩ ለቅሶ መጥቶ እግሬ ሥር ወድቆ ነገረኝ፦ «ትወና መስሎን ቆመን አጨበጨብንለት» አለኝ። አነሳሁት። ምን ልበለው? እኔስ ባየው አላጨበጭብም ነበር?

ቀረጻው ሲያልቅ ቤቱ መጣ። እግሩ አብጦ ነበር። ሌሊት ትራስ ደርበንለት ቁጭ ብሎ ያድራል። አንድ ቀን ማለዳ ሲብስበት መኪና ለምነን ወደ ሚዛን ይዘነው ወጣን። ራሱ ደረቴ ላይ ነበር። «ለዮሲ መታመሜን አትንገሪው፣ መጀመሪያ እሱ ይዳን» አለኝ። እሺ አልሁት። ሸኮን ሳናልፍ አረፈ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

እሱ መታመሜን ነው ያለው። ሞቱን የጨመርሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ስለ አንተ ነበር፤ ቁስልህ ሳይጠግግ፣ የሚያቅፍህ ዘመድ በሌለበት፣ እንዴት ብዬ ላርዳህ? ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ያገሩ ልጆችም እስክትድን እንዳይነግሩህ እኔው ለመንኳቸው። ስልክ የማላነሳውም ድምፄን ከሰማህ ስለምታውቅ ነው።

በኋላ ግን ስለ አንተ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ያ የኅዳር ደብዳቤህ ሲመጣ «ባስን ጠይቂልኝ» ብለሃል። ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ ሁሉ «ነፍሱን ይማረውና» ብሎ ነው የሚጠራው። ባንተ ደብዳቤ ውስጥ ግን ልጄ አልሞተም። ያልደወለ፣ የሚወቀስ፣ ምናልባት ያገባ ልጅ ነበር። ደጋግሜ አነበብሁት። ያን ልጅ ደግሞ መቅበር አቃተኝ።

«ወንድም የለኝም» ያልኸውን ሳነብ ግን ለራሴ ብዬ በሱ ላይ ግፍ እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝ። አልረሳህም፣ ዮሲ። ከኔም በፊት ያሰበው አንተን ነው።

አልቅስ። አትቻለው። ሰዉ ይያዝህ።

እናትህ ውድነሽ

*

ራስተንበርግ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዓመት ዘግይቼ ነው የምለው።

ሁለቱ አብረው ሲገቡ ገና በሩ ላይ አወቅሁት። ሰይፈዲን ወረቀቱን ከደረቱ ኪስ አወጣ። መጋቢ አልአዛር አነበቡልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደህና አድርጌ አላስታውስም፤ መሬት ላይ ሆኜ ሰይፈዲን ከላዬ ተኝቶ ሁለት እጄን ይዞኝ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ሱቁን ዘግተን ተቀመጥን። ከየሎኬሽኑ፣ ከዚህ አገር የድሃ ሰፈር ሁሉ፣ አበሻው መጣ። ያ «ትንፋሹን አበዛው» ያለው ልጅም መጣ። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «እኔ አላወቅሁም፣ እኔ አላወቅሁም» ሲል አመሸ። እኔ ነኝ ያጽናናሁት።

መጀመሪያ ተቆጥቼሽ ነበር። አልደብቅሽም። አንድ ወር ያልጻፍሁት ለዚያ ነው። ወንድሜን ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ፣ አንቺም ስሰድበው አይተሻል። ከዚያ ግን ያን ሁሉ ደብዳቤዬን እንዴት ብለሽ ትመልሺ እንደነበር አሰብሁ። ሚዛን ሄደሽ ያን አዳራሽ እንዴት ቻልሽው? ከዚያ በኋላ ቁጣው አልመጣልኝም።

ፊልሙን ትናንት እስከ መጨረሻው አየሁት። ብቻዬን። ስሞቹ አልቀው ፎቶው ይመጣል፤ እየሳቀ ነው፣ ያ የተሸረፈው ጥርሱ ይታያል። ከሥሩ የተወለደበትና ያረፈበት ዓመት ተጽፏል። አስተያየት መጻፊያው ላይ ለዚያ «ተጋኗል» ላለው ሰውዬ ብዙ ጻፍሁና አጠፋሁት። በመጨረሻ «ወንድሜ ነው። ታሞ ነበር። ትንፋሹ የራሱ ነው» ብቻ ብዬ ተውሁት። ዛሬ ሰውየው መልሶልኛል። «ወንድሜ ይቅር በለኝ፤ የኔም እናት በልብ ሕመም ነው ያረፈችው፣ አጠገቧ ስላልነበርሁ እንዲህ እንደሚተነፈስ አላየሁም» ይላል። ስሙን አላውቀውም። እንደ ለቅሶ ደራሽ ቆጠርሁት።

የሱቁን ድርሻዬን ሰይፈዲን ገዝቶኛል። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ ሲገባ እመጣለሁ። ሰው አዲስ አበባ እንዳትልኪ፣ እንዳትወጪም። መንገዱን አውቀዋለሁ።

ሰዎች «አይዞሽ፣ በቃ፣ ዓመት ሆነው» እያሉሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ስደርስ በቃ አትበይኝ። አንቺ ዓመት አልቅሰሻል፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው፣ እማ። ለብቻዬ አልችለውም። ጠብቂኝ።

ልጅሽ ዮሲ